የሰውነት ክፍሎችና የአሠራራቸው መግቢያ ትምህርት በቢዮ አዋሌ ሚዛን ሲመዘን

ለጤና ሙያ የሚሠለጥን ተማሪ፣ ነርስም ይሁን የጤና መኮንን፣ አዋላጅም ይሁን የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ መጀመሪያ የሚገባበት በር አንድ ነው። ይኸውም የሰውነትን ክፍሎች ስምና ቦታ የሚያስተምረው አናቶሚና የክፍሎቹን ሥራ የሚያስተምረው ፊዚዮሎጂ ነው። በሩ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ገቢው ሁሉ ማጎንበሱ አይቀርም። ስለዚህ ይህ መግቢያ ትምህርት በአገራችን እንዴት እንደ ተዘጋጀ መመርመር የመምህራን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የተማሪዎችም ጉዳይ ይመስለናል።

ለምርመራችን የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች የታተመውን «ሂዩማን አናቶሚ ኤንድ ፊዚዮሎጂ» የተባለውን የመማሪያ ጽሑፍ ነው። አዘጋጆቹ ነጋ አሰፋ ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲ (በኋላ ሐረማያ ከተባለው) እና ዮሴፍ ጽጌ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ጽሑፉ የወጣው በካርተር ማዕከል፣ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና በትምህርት ሚኒስቴር ትብብር ሲሆን፣ ይህ ትብብር የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና እንቅስቃሴ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ሥራ ክፍል ነበር።

ከነቀፌታ በፊት ምስጋናውን ማስቀደም ተገቢ ነው። የውጭ አገር መጽሐፍ በዋጋውም በክብደቱም ከአብዛኛው ተማሪ እጅ በራቀበት ጊዜ፣ የአገራችን መምህራን ራሳቸው ጽፈው ለተማሪው ማድረሳቸው ትልቅ ሥራ ነው። ምዕራፎቹ ተማሪው ሊያውቀው የሚገባውን አስቀድመው ይዘረዝራሉ፤ በመጨረሻም ራሱን የሚፈትንበትን ጥያቄ ይሰጡታል። አቀራረቡ አጭርና ግልጥ ነው። ብዙ ባለሙያዎች የመጀመሪያ እውቀታቸውን ከእርሱ አግኝተዋል። እንግዲህ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ባለውለታን የሚክድ ቃል ተደርጎ እንዳይቆጠርብን እንለምናለን።

ለመመዘኛ የመረጥነው ቦታ ቢዮ አዋሌ ነው። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ከሚገኙት አራት የገጠር ክላስተሮች የአንዱ ስም ነው፤ ሦስቱ አሰሊሶ፣ ጀልዴሳና ዋሂል ይባላሉ። በአካባቢው ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይነገራል። «ቢዮ» የሚለው ቃል በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። ይህን ቃል አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ሂሳችን ሁሉ የሚዞረው በውሃ ዙሪያ ነውና።

ለመስክ ትምህርት በሄድንበት ጊዜ አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጇን አዝላ መጣች። ተቅማጡ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ዓይኑ ገብቷል፤ አፉ ደርቋል፤ የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕይወት አድን ቅመሙን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣ በማንኪያ ትሰጠው ጀመር። እናቲቱም ወደ እኛ ዞራ በአስተርጓሚ እንዲህ ስትል ጠየቀችን፤ «ልጆቼ፣ ሆዱ ውሃውን ሁሉ እየደፋው አይደለም ወይ? የሚደፋውን ነገር መልሶ መስጠት ምን ይረባል?»

ጥያቄው የፊዚዮሎጂ ጥያቄ ነው፤ እጅግም የተገባ ነው። እኛ ግን መልስ አልነበረንም። የትንሹን አንጀት ሦስት ክፍሎች በተራ መጥራት እንችል ነበር፤ በውስጡ ያሉትን ጣት መሰል ጭራሮች ሥዕል አጥንተን ተፈትነንበታል። እናቲቱ ከእኛ መልስ ስታጣ ወደ ሠራተኛዋ ተመለከተች። ሠራተኛዋም «እመኚኝ፣ ስጪው» ብላ በቋንቋዋ ተናገረቻት፤ እናቲቱም አመነቻት። በነጋታው ሕፃኑ ዓይኑ ተመልሶ አየነው። ይሁን እንጂ ነገሩ አላስተኛንም። ሠራተኛዋ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ እኛ ደግሞ ምክንያቱን የሚያስረዱትን ቃላት በእንግሊዝኛ ይዘናል፤ ምክንያቱን ለጠየቀችው እናት የሚያደርስ ሰው ግን ከመካከላችን አልተገኘም። ያች እናት ብታምን ልጇ ዳነ፤ ባታምን ኖሮስ?

የመጀመሪያው ሂሳችን ከዚህ ይነሣል፤ እርሱም ስለ አከፋፈሉ ነው። ጽሑፉም ሆነ በእርሱ መንገድ የሚሰጠው ትምህርት ሰውነትን በሥርዓት በሥርዓት ይከፍለዋል፤ ቆዳ፣ አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭ፣ ልብና የደም ሥሮች፣ መተንፈሻ፣ ምግብ መፍጫ፣ ሽንት፣ እያለ ለእያንዳንዱ የራሱን ምዕራፍ ይሰጠዋል። ይህ አከፋፈል ለማጥናት ይመቻል። ነገር ግን በተቅማጥ የተጎዳው ሕፃን በምዕራፍ ተከፍሎ አይመጣም። አንጀቱ ውሃና ጨው ያፈስሳል፤ የደሙ መጠን ይቀንሳል፤ ልቡ ያንኑ ለማካካስ ይፈጥናል፤ ኩላሊቱ ሽንት ይቆጥባል፤ ቆዳውና ዓይኑ ምልክቱን ያሳያሉ። አምስት ምዕራፎች በአንድ ጊዜ በአንድ ጉልበት ላይ ተቀምጠዋል። ተማሪው ምዕራፎቹን ለየብቻ አጥንቶ እንዲያገናኛቸው የሚያደርገው ግን የለም።

ውሃን ብንከተል ግን ግንኙነቱ ራሱ ይገለጣል። 70 ኪሎ በሚመዝን ጎልማሳ ወንድ ሰውነት ውስጥ 42 ሊትር ያህል ውሃ አለ፤ ከክብደቱ 60 በመቶ ማለት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ወደ 75 በመቶ ይደርሳል። ከጎልማሳው ውሃ 28 ሊትር ያህሉ በሕዋሳት ውስጥ፣ 14 ሊትር ያህሉ ከሕዋሳት ውጭ ነው። ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ከደም አጣርተው፣ ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ በሽንት ያስወጣሉ፤ ሌላውን ይመልሱታል። ወደ አንጀትም በቀን 9 ሊትር ያህል ይገባል፤ ከዚህ ውስጥ ሰው የጠጣውና የበላው 2 ሊትር ቢሆን ነው፤ 7ቱ ሰውነት ራሱ ያፈሰሰው ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞትና የመሳሰለው ነው። ጤነኛ አንጀት ይህን ሁሉ መልሶ ከ200 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ በሰገራ ይለቃል። እንግዲህ የ9 ሊትር ተመላላሽ ጥቂት ቢዛባ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ፣ ይልቁንም በትንሽ ሰውነት ላይ፣ ለማንም ግልጥ ነው።

ለእናቲቱም መልሱ ከዚሁ ይገኛል። በብዙው የተቅማጥ ዓይነት አንጀት ውሃ ማፍሰሱ ቢበረታም፣ ጨውና ስኳርን አብሮ የሚያስገባው በር አይዘጋም። ሮበርት ክሬን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 በፕራግ ከተማ እንዳስረዳው፣ ግሉኮስ ወደ አንጀት ሕዋስ የሚገባው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው። ሁለቱ ሲገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። ስለዚህ ውሃ ብቻውን ሲሰጥ አብዛኛው ይፈስሳል፤ ከጨውና ከስኳር ጋር በልክ ሲሰጥ ግን በር ያገኛል። ልኩም ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ያሻሻለው ቅመም በ1 ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ገበታ ጨው ከሌሎች ሁለት ጨዋማ ነገሮች ጋር ይይዛል። ስኳሩ ከልክ ቢያልፍ ውሃውን ወደ አንጀት መልሶ ይስበዋል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ይህን ለእናቲቱ ለመንገር የሚያስፈልገው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አንጀቱ ውሃ የሚደፋበት በር ተከፍቷል። ጨውና ስኳር የሚገቡበት ሌላ በር ግን አልተዘጋም። ውሃው በእነርሱ ታዝሎ ይገባል።» ልጅ አዝላ የመጣች ሴት ይህን አይገባትም የሚል ካለ እርሱ ራሱ አልገባውም።

ሁለተኛው ሂሳችን ስለ ቋንቋ ነው። ጽሑፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህ ብቻውን አያስነቅፈውም፤ ተማሪውን ከዓለም እውቀት ጋር ያገናኘዋልና። የጎደለው ወደ በሽተኛው የሚመልሰው ድልድይ ነው። በአማርኛ «ሥር» ስንል የደም መሄጃውንም፣ የዛፍ ሥርንም፣ አንዳንዴም ነርቭን ማለታችን ነው። «ጅማት» ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ነው፤ በሕዝብ አነጋገር ግን ነርቭም ጅማት ይባላል። የትምህርት ቤት መጻሕፍት «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የሚሉ መልካም ቃላት ሰጥተውናል፤ ወደ ጤና ትምህርት ስንገባ ግን ይረሳሉ። «ጨጓራ» የአካል ክፍል ስም ሲሆን የበሽታ ስምም ሆኗል፤ ወገቡን የሚያመው ሰውም «ኩላሊቴን» ይላል። ወደ ቢዮ አዋሌ ሲደረስ ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል። በኦሮምኛ «ለጴ» ደረት ማለት ነው፤ በስሜት አነጋገርም ለልብ ይነገራል። በሽተኛው «ለጴ» ሲል አስተርጓሚው «ልብ» ካለ፣ ተማሪው ጨጓራው የሚያቃጥለውን ሰው የልብ በሽተኛ አድርጎ ሊመዘግበው ነው።

ነገሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ ግን አይደለም። አማርኛው «ኩላሊት» ሲል ኦሮምኛው «ከሌ»፣ ሶማሊኛው «ከሊ» ይላል፤ «ሳንባ» በኦሮምኛ «ሶምባ»፣ በሶማሊኛ «ሰምበብ» ነው። ጆሮ ለሚሰጥ ተማሪ እነዚህ ዝምድናዎች ግማሹን መንገድ ያሻግሩታል። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ጀርባ የሦስት ቋንቋ የቃላት ሰንጠረዥ ቢጨመር ገጹ ብዙ አይበዛም ነበር።

ሦስተኛው፣ ትምህርቱ ሕዝቡ ከያዘው እውቀት አለመጀመሩ ነው። ዶሮን በ12 ብልት የምትገነጥል ባለሙያ፣ ቅርጫ የሚከፋፍል ሽማግሌ፣ በዓረፋ በዓል ፍየል የሚያርድ የቢዮ አዋሌ ገበሬ፣ ጉበትን ከጣፊያ፣ ሐሞትን ከኩላሊት አሳምሮ ይለያል። የፍየል ልብ እንደ ሰው ልብ አራት ክፍል አለው፤ በቢላዋ ቢሰነጠቅ መዝጊያዎቹና የግራው ግድግዳ ውፍረት በዓይን ይታያሉ። ለተማሪ ከዚህ የተሻለና የረከሰ ቤተ ሙከራ ወዴት ይገኛል? መምህሩ የፍየል ሆድ አራት ክፍል ያለው የአመስኳ እንስሳ ሆድ መሆኑንና የሰው ጨጓራ ግን አንድ መሆኑን ማስጠንቀቅ አለበት፤ ልዩነቱም ራሱ ትምህርት ነው።

አራተኛው ስለ «መደበኛው ሰው» ነው። የዚህ ዓይነት መግቢያ መጻሕፍት ልማድ 70 ኪሎ የሚመዝነውን ወንድ የሰው ሁሉ መለኪያ ማድረግ ነው። ከላይ እኛም ተጠቅመንበታል፤ ቢዮ አዋሌ ላይ ያገኘነው ሕፃን ግን እርሱ አይደለም። ስለ ከፍታም እንደዚሁ፤ ሰው ወደ ተራራ ሲወጣ ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያን ተመርምረው፣ አማካይ ሄሞግሎቢናቸው በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ የደማቸው ኦክሲጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። ዓለም ስለ እኛ ደም የሚያውቀውን የእኛ ተማሪ ሳያውቅ መመረቁ ያሳዝናል።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርብ መቃወሚያ እንዳለ አንዘነጋም። ጊዜው አጭር ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥርዓት በሥርዓት ማስተማር በዓለም የተለመደ ነው ይባላል። እውነት ነው። እኛም አከፋፈሉ ይፍረስ አላልንም። የምንለው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሳምንት ለውሃ ይሰጥ፤ ትምህርቱም ሲያበቃ አንድ በሽተኛ ቀርቦ ምዕራፎቹ ሁሉ በእርሱ ላይ ይገናኙ ነው። ፈተናውም ከጥያቄዎቹ አንዱን «ይህን ለእናቲቱ በራሷ ቋንቋ አስረዳ» ቢል የሚያስቀር ሕግ አናውቅም። አሳቡም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሠልጣኞቹን በቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መላክን የትምህርቱ አካል አድርጎት ነበር። የጎደለው የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ይህን መንገድ ከጅምሩ እንዲያስብ ማድረግ ነው።

በመጨረሻም፣ መጽሐፉን የጻፉት መምህራን የጀመሩትን ሥራ መጨረስ የእኛ የተማሪዎች ዕዳ መሆኑን እናምናለን። በሦስት ቋንቋ የሚዘጋጀውን የቃላት ሰንጠረዥ በአንጀትና በኩላሊት ጀምረነዋል፤ ስሕተታችንን የሚያርም፣ የጎደለውን የሚሞላ መምህርም ተማሪም እንዲተባበረን እንጠይቃለን። በሚመጣው ጊዜ ወደ ቢዮ አዋሌ ስንመለስ ያች እናት ጥያቄዋን እንደ ገና ብታነሣ፣ «እመኚን» ከማለት ሌላ የምንላት እንዲኖረን እንሻለን።