«መቼ» የሌለው «የት»፦ የስሜን ተራሮች በሰነድና በአገሬው አንደበት

በልቦለድ ትንተና ትምህርታችን ከምንገለገልባቸው ሙያዊ ቃላት አንዱ «መቼት» ነው። ቃሉ «መቼ»ንና «የት»ን አጣምሮ የያዘ ስለሆነ አንድን ስፍራ ከጊዜው ነጥለን እንዳናይ ያስገድደናል። ይህ ጽሑፍ ያንኑ መሣሪያ ከልቦለድ አውጥቶ፣ ስለ ስሜን ተራሮች ጥበቃ በተጻፉ ሰነዶችና መጻሕፍት ላይ ለመሞከር የተዘጋጀ ነው። አቋሙም ባጭሩ ይህ ነው፤ ስለ ስሜን የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ «የት» አለው፣ «መቼ» የለውም። ጉድለቱም የአጻጻፍ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በመሬቱና በነዋሪው ኑሮ ላይ ውጤት አስከትሏል።

ከስሙ እንጀምር። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚገባ መንገደኛ የአገሩ ስም «ስሜን» መሆኑን ይሰማል። ደጃዝማች ውቤ የገዙት፣ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1855 ድል ከተመቱ በኋላም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑበት አገር ነው። የመንግሥት ሰነዶች ግን አዘውትረው «የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ» ይላሉ። በአንዲት ፊደል ለውጥ የአገር ስም የአቅጣጫ ስም ሆነ። አገር ታሪክና ባለቤት አለው፤ አቅጣጫ ግን ሌላ ቦታ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ብቻ የሚያገለግል ቃል ነው።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1969) ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ወጣ። በእነዚህ ዓመታት የተጻፉትን ሰነዶች እንደ አንድ ድርሰት ብናነባቸው ዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ሆነው እናገኛቸዋለን። ገበሬው የሚመጣው ከስጋቶች ዝርዝር ውስጥ፣ «እርሻ»፣ «ልቅ ግጦሽ»፣ «ሰፈራ» በሚሉ ስሞች ተሸፍኖ ነው። ድርጊቱ አለ፤ አድራጊው የለም። አድራጊው ከሌለ ደግሞ ዳገቱን ለምን እንዳረሰ፣ ከአያቱ ዘመን እስከ እሱ ዘመን ምን እንደ ተለወጠ የሚጠይቅ አይኖርም።

ይህን ማለት የሰነዶቹ ሥጋት መሠረት የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፓርኩ ውስጥ የሠራው ስዊዛዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ሐንስ ሁርኒ ያጠናው የአፈር መሸርሸር ገብስ በሚዘራባቸው ተዳፋቶች ላይ በዓይን የሚታይ ነው። ጥበቃው ባይኖር ዋልያው ዛሬ በስም ብቻ ይቀር እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ጥያቄያችን ጥበቃው በየትኛው ቋንቋ ታሰበ የሚለው ነው።

ስለ ፓርኩ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 በስሜን የፓርክ ኃላፊ የነበረው ሲ. ደብልዩ. ኒኮል በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ከአፍሪካ ጣሪያ» አንዱ ነው። ደራሲው ገደሉንና ጭጋጉን ይወድዳል፤ የደን ምንጠራውና አደኑ ያስቆጡታል። ቁጣው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ጠባቂና አጥፊ ተፋጠው የቆሙበት ትረካ ነው። የሚገርመው የዚሁ ሰው ኋለኛ ሕይወት ነው። ጃፓን ኖሮ፣ በናጋኖ ተራሮች የተተወ ደን ገዝቶ፣ ከአካባቢው ደን አዋቂ ጋር እየመነጠረና እየተከለ እንዲያገግም አደረገው። በዚያ ደን ሰው ባለመድረሱ ጎድቶት ነበር፤ ያዳነውም የሰው እጅ ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በዚህ የኋላ ሥራ ብርሃን ማንበብ፣ ስሜን ላይ የጎደለው ምን እንደ ነበር ያመለክታል።

የፓርኩ ሕግ በወጣበት በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ታተመ። መቼቱ ደብረ ሲናና አርማንያ ነው፤ ስሜን አይደለም። ሆኖም ከከተማ የመጣው የተማረ ወጣት ስለ አገሩ ብዙ እየተናገረ ከአገሬው ጋር ሳይደማመጥ መቅረቱን ያየ አንባቢ፣ የጥበቃ ሰነዶቹን ድምፅ በቀላሉ ይለየዋል። ልዩነቱ ዳኛቸው ለአገሬውም አንደበት መስጠቱ ነው። ሰነዶቹ ይህን አላደረጉም።

ለመሆኑ አገሬው ምን ይል ነበር? ሁለት አነጋገሮችን እናነጻጽር። በዛሬው የግብርና ቋንቋ ሰውና ከብት እንዳይገባበት የታጠረ ተፋሰስ «ከንክኪ ነፃ» ይባላል። በቃሉ ውስጥ እጅ በካይ ነው፤ ነፃነቱም የጊዜ ገደብ የለውም። ገበሬው ሳይታረስ የከረመውን መሬት ግን «ጦም አደረ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በቁጭት ይለዋል፤ ቢሆንም ዘይቤው ሌላም ነገር ይዟል። ጦም ፍች አለው። መሬቱ እንደ ሰው ተቆጥሯል፤ የሚታገሠው ነገር አለ፤ የሚጠብቀው ቀንም አለ። አንደኛው «የት» ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መቼት ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የመንዝ ጓሳ ይመሰክራል። በሰሜን ሸዋ፣ በስሜን ደጋ በሚበቅለው በዚያው የጓሳ ሣር ላይ፣ የመንዝ ሰዎች ለዘመናት የቄሮ ሥርዓት ነበራቸው (ቃሉ በቅርቡ ካገኘው ፖለቲካዊ ትርጉም ጋር አይገናኝም)። በአባ ቄራ እየተመራ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ወቅት ይከፈትና ለቤት ክዳንና ለግጦሽ ይውላል፤ ከዚያ እንደ ገና ይዘጋል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ጓሳው በኋላ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ዋለ። እዚያ ሰውን ከመሬቱ ያስታረቀው አጥር ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀው ቀጠሮ ነበር።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጦም ማሳደርን የሚያውቀው የስሜን ገበሬ መሬቱን ከመራቆት አላዳነም። እውነት ነው። ሰው በዝቶ መሬት ሲጠብ ጦሙ አጠረ፤ በኋላም ቀረ። ቃል ብቻውን አፈር አይዝም። ይሁን እንጂ ቃሉ የጋራ ውል ሊጻፍበት የሚችል መነሻ ነበር፤ ማንም አልተጠቀመበትም።

በምትኩ እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝር ወጣ፤ የግጭ ሣርም ማገገም ጀመረ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ግን እሳት በተነሣ ጊዜ፣ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪደርሱ ድረስ ገደሉን ወጥተው ሰደዱን የታገሉት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። መሬቱ ነፃ ይሁን የተባለው ከእነዚሁ እጆች ንክኪ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደረሰው ጦርነትና ግጭት የዋልያው ቁጥር ክፉኛ ማሽቆልቆሉ ደግሞ፣ ሕግ አስከባሪ በማይደርስበት ጊዜ የተራራው ዕጣ በአገሬው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያሳያል።

ከዚህ አንጻር ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሥራ ይታየኛል። ከደባርቅና ከዳባት የሚመጡ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ተረት፣ ፉከራና የለቅሶ ግጥም ይሰበስባሉ። የጓሳ፣ የአስታ፣ የጅብራ፣ የውርጭና የጦም አዳሪ መሬት ቋንቋ ግን «ሥነ ቃል አይደለም» እየተባለ ይታለፋል። ያን ቋንቋ ሙሉ በሙሉ የሚያውቁት የግጭ ሽማግሌዎች ዛሬ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ልጆቻቸው ገብስ ሲዘራ አያዩም። የመሬቱን ሣር ለመመለስ ጥቂት ዓመታት በቅተው ይሆናል። ሣሩ መቼ ይታጨድ፣ መቼ ይተው እንደ ነበር የሚነግረን ሰው ሲያልፍ ግን የሚመልሰው አጥር የለም። ጠይቀን መጻፍ ያለብን አሁን ነው።