ያልተቋጨ መስመር

ከመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ቀበሌዎች የተላኩ 14 የስም ዝርዝሮች እጄ በገቡ ጊዜ፣ ከእኔ የሚፈለገው እነርሱን በአንድ ፋይል አዋሕዶ፣ የፊደሉን ግድፈት አርሞ፣ ለክረምቱ የማዳበሪያ ዕደላ ማሰናዳት ብቻ ስለ ነበረ፣ ሥራው ከግማሽ ቀን የሚያልፍ አልመሰለኝም ነበር። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ገበሬ ከነአባቱና ከነአያቱ ስም ተጽፏል፤ እንዲህ ላለው ሥራ ደግሞ ሴድ የሚባለውን፣ ጽሑፍ እንደ ምንጭ ውኃ በፊቱ ሲፈስስ መስመር በመስመር እየተቀበለ የሚያርመውን መሣሪያ ብዙ ዘመን ለምጄዋለሁ። ዝርዝሮቹን አገጣጠምሁ፤ መስመሮቹን አስቈጠርሁ፤ ቍጥሩም ቀበሌዎቹ ካስታወቁት ድምር በ14 ጐደለ። ከብዙ ስም መካከል 14 ጥቂት ነው፣ የጐደለውም የቀበሌዎቹ የድምር ስሕተት ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ያን ዕለት ራሴን መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የጐደለው ቍጥር ከፋይሎቹ ቍጥር ጋር ትክክል የሆነው ከምን የተነሣ ነው የሚለው ነው።

ዕደላው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን አንድ አረጋዊ ገበሬ ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ እኔ ምዝገባው የተከፈተ ዕለት ጎሕ ሲቀድ ሄጄ ከሰው ሁሉ ፊት የተጻፍሁ ነኝ፤ ዛሬ ግን ስምዎ የለም ይሉኛል፤ እስቲ አንተ ደግመህ እይልኝ» አሉኝ። «እሺ አባቴ፣ ይቀመጡ» ብዬ ስፈልግ ስማቸው አለ፤ ነገር ግን ለብቻው አልቆመም። በፊተኛው ቀበሌ ዝርዝር መጨረሻ የተጻፈው ገበሬ የአያቱ ስም ከእርሳቸው ስም ጋር ያለ አንዳች ክፍተት ተጣብቆ፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ መስመር ሆነዋል። በአገራችን ሥርዓት ሰው ከአባቱ፣ አባቱም ከአያቱ ጋር እየተያያዘ የሚጠራ፣ የክርስትናውም ስም እንደ ወልደ ሥላሴና እንደ ገብረ ማርያም ሁለት ቃል ተናብቦ አንድ ስም የሚሆን ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው መስመር ለሚያነበው ዐይን የዘር ሐረጉ የረዘመ አንድ ሰው እንጂ የተጣበቁ ሁለት ሰዎች ሆኖ አይታየውም። ከሁሉ ቀድመው የተመዘገቡት ሰው በሌላ ሰው ትውልድ ውስጥ ገብተው ጠፉ።

የነገሩ ሥር ይህ ነው። በኮምፒዩተር ፋይል ውስጥ መስመር የሚባል ነገር በራሱ የለም፤ ያለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ የተሰደረ የአኃዝ ተርታ ነው። በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት አንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ፣ የመስመርን ፍጻሜ የሚያስታውቀው ምልክት ግን 1 ባይት ብቻ ነው፤ አኃዙም 10 ነው። ጫፉ ያልተቋጨ ጋቢ ማጉ እየሾለከ እንደሚተረተር አውቃለሁና፣ እኔ ይህን ምልክት መቋጫ እለዋለሁ። የዩኒክስ ወገን የሆኑት ሥርዓቶች የሚተዳደሩበት ፖሲክስ የሚባለው ደንብም መስመርን ሲተረጕም ጽሑፉን ከነመቋጫው አድርጎ ነው፤ መቋጫ የሌለውን ያልተፈጸመ መስመር ይለዋል። እንግዲህ መቋጫ በሁለት መስመሮች መካከል የቆመ አጥር ሳይሆን፣ የእያንዳንዱ መስመር የገዛ አካሉ ነው። ብዙ የመጻፊያ ፕሮግራሞች ግን ጸሐፊው ከመጨረሻው ስም በኋላ ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ካልተጫነ መቋጫውን አይጨምሩለትም፤ ልዩነቱም በስክሪኑ ላይ በግልጥ አይታይም። ፋይሎችን የሚቀጣጥለው ካት የሚባለው ትእዛዝ የተሰጠውን እንዳለ ያፈስሳልና፣ የአንዱን ፍጻሜ ከሌላው መነሻ ጋር ገጠመው። 14 ፋይሎች 13 መጋጠሚያ አላቸው፤ በእነዚያ 13 መስመር ጠፋ፤ መስመር ቈጣሪውም የሚቈጥረው መቋጫን እንጂ ጽሑፍን ስላልሆነ፣ የመጨረሻውን ፋይል የመጨረሻ ስም ሳይቈጥረው ቀረ፤ ይህም 14ኛው ነው።

ምክንያቱ በተገለጠልኝ ጊዜ ትዝ ያለኝ የብራና ዳዊት ነው። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመሩን ካሠመረ በኋላ፣ ሌላውን መጽሐፍ በዐምድ በዐምድ ሲጽፍ ቃሉ በመስመሩ ጫፍ ላይ ቢከፈል ግድ የለውም፤ የቀረውን ፊደል ወደሚቀጥለው መስመር ያወርደዋል። መዝሙረ ዳዊትን ሲጽፍ ግን አንዱ ንባብ አንድ መስመር ነውና፣ ንባቡ ረዝሞ ከስፍራው ቢተርፍ እንኳ፣ የተረፉትን ፊደሎች በዚያው በመስመሩ ጫፍ ከላይ ወይም ከታች ጠቅልሎ ይጽፋቸዋል እንጂ የሚከተለውን ንባብ ስፍራ አይነካም። ብራና ውድ ነው፤ ቦታ መቈጠብ ለጸሐፊው ትርፍ ነው፤ ይሁን እንጂ አንዱ ንባብ ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ ሲል የገጹን እኩሌታ ባዶ መተው ይመርጣል። ይህን ሥርዓት በዐይኔ እያየሁ አድጌ፣ በኮምፒዩተር ፊት በተቀመጥሁ ጊዜ መዘንጋቴ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሴድን እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974 በቤል ላብራቶሪ የጻፈው ሊ ማክማሆን ነው፤ ብዙውን ትእዛዙን የወረሰውም ኬን ቶምሰን ከሠራው ከኤድ ነው። ሴድ መስመሩን ሲቀበል አስቀድሞ መቋጫውን ይፈታና ጽሑፉን ብቻ በሥራ ስፍራው ያኖራል፤ የታዘዘውን ከፈጸመ በኋላ ቋጭቶ ያወጣዋል። ታዲያ ያልተቋጨ መስመር ቢመጣለት ምን ያድርግ? ግኑ የሚባለው የሴድ ዐይነት እንደ መጣ ያለ መቋጫ ይመልሰዋል፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የሚወጣ ሌላ መስመር ካለ፣ አስቀድሞ የጐደለውን መቋጫ ያኖርና ቀጣዩን ያስከትላል። ስለዚህ 14ቱን ፋይሎች በካት ሳላገጣጥም በቀጥታ ለሴድ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ፣ እኒያ አረጋዊ ባልጠፉም ነበር።

መሣሪያው ጕድለት ባየ ቍጥር መቋጫ ቢጨምር ይሻላል የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አንድ ፊደል አርም ተብሎ የታዘዘ መሣሪያ ያልታዘዘውን አንድ ባይት ከጨመረ፣ የፋይሉ መለያ አሻራ ይለወጣል፤ የጥንቱንና የአሁኑን የሚያስተያይ ሰውም ማንም ያልጻፈውን ለውጥ ያገኛል። ከመካነ ኢየሱስ ብዙ በማይርቀው በጋይንት፣ ተማሪ ለድጓ ምስክርነት ከየአገሩ ወደ ቤተልሔም የሚጓዘው ዜማው ከነምልክቱ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ጸንቶ የሚገኝበት ጉባኤ ስለ ሆነ ነው፤ የጽሑፍ ማረሚያም እንደዚሁ የተቀበለውን መመለስ አለበት፤ መቋጫ መጨመር የሠራተኛው ውሳኔ እንጂ የመሣሪያው ድፍረት ሊሆን አይገባም።

እኔ ውሳኔዬን የማደርገው በደጃፍ ነው። እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ለሴድ ሰጥቼ፣ የመጨረሻውን መስመር ከሚያመለክተው የዶላር ምልክት አጠገብ «ጨምር» ማለት የሆነውን የላቲን ‹ኤ› ፊደልና ወደ ኋላ ያዘነበለውን ጭረት እጽፋለሁ፤ የሚጨመር ቃል ግን አልሰጠውም። ሴድ የሚጨምረው ባይኖረውም ለመጨመር ሲሰናዳ የጐደለውን መቋጫ ያኖራል፤ የተቋጨውን ፋይል ግን አይነካውም። ይህን ማድረግ የሚጠቅመው ለማዋሐድ ብቻ አይደለም፤ ሼል በሚባለው የትእዛዝ መቀበያ መስመር እያነበበ የሚመላለሰው ትእዛዝ ያልተቋጨውን የመጨረሻ መስመር ካነበበ በኋላ «አልቋል» ብሎ ስለሚያስታውቅ፣ ጥንቃቄ ካልተደረገ ያ መስመር ሳይሠራበት ይቀራል።

የአረጋዊው ስም በማግስቱ በቀበሌያቸው ዝርዝር ራስ ላይ ተመለሰ፤ ከእርሳቸውም ጋር በየቀበሌያቸው ቀዳሚ ሆነው የተመዘገቡ 12 ሰዎች ተገኙ። በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱና በየዕድሩ የሰው ስም በኮምፒዩተር የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመጨረሻው ስም በኋላ ኢንተርን አንድ ጊዜ ተጫኑ፤ ዝርዝሩን የምትቀበሉም ከማዋሐዳችሁ በፊት የእያንዳንዱን ፋይል የመጨረሻ ባይት ተመልከቱ።