«ሐሰተኛ ሙዝ»፤ ስለ ምግብ ስሞች አተረጓጐም

የምግብ ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ብዙ ጊዜ ሣቅ ያስነሣል። ተርጓሚዎቻችንም ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ይህንኑ ሣቅ ነው። በእኔ አስተያየት ግን የሚያስቀው ስሕተት ራሱን ስለሚያጋልጥ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ይልቁንም ሊያስፈራን የሚገባው ማንንም የማያስቀው ነው።

«የጾም ምግብ» የሚለውን እንመልከት። በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ይህ ቃል በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ሲጻፍ፥ እንግዳው «ጾም አለመብላት ከሆነ በሳሕን እንዴት ይቀርባል?» ብሎ ይደነቃል። ይህን ለማረም አንዳንዶች «ቪጋን» ይላሉ። ይህ ቃል በ1944 እ. ኤ. አ. በእንግሊዝ አገር የተፈጠረ ሲሆን፥ ከእንስሳት የሚገኘውን ሁሉ መተውን ያመለክታል። ጾም ግን ሥጋና ቅቤን ከመተው ሌላ ቀንና ሰዓት አለው፤ ረቡዕና ዓርብ፥ የዐቢይ ጾም 55 ቀኖች፥ ከምግብም እስከ ተወሰነው ሰዓት መከልከል በውስጡ ይገኛሉ። የፊተኛው ትርጕም ቢያስቅም ሃይማኖቱን አልሸሸገም፤ የኋለኛው ግን ሳያስቅ ሸሸገው።

እንዲሁም አንድ ተማሪዬ «አክስቴ ሦስት ጊዜ አጐረሰችኝ» የሚለውን፥ አክስቲቱ እንደ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሦስት ጊዜ ገንዘብ እንደ ሸለመችው አድርጎ ተረጐመው። ክፍሉ ሁሉ ሣቀ። ሆኖም «ጉርሻ» ሁለቱንም ትርጕም ስለሚይዝ፥ ከዋጋ በላይ የሚሰጠው ገንዘብ በፍቅር የሚቀርበውን እንጀራ ስም ለምን እንደ ወረሰ ለመመርመር ምክንያት ሆነን።

ማንም የማይሥቅበት ስም «ሐሰተኛ ሙዝ» ነው። እንሰትን በእንግሊዝኛ እንዲህ ይሉታል። ጄምስ ብሩስ በ1790 እ. ኤ. አ. ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ ተክሉን በገዛ ስሙ «እንሰት» ብሎ ጽፎት ነበር። ቺዝማን የተባለው የዕፅዋት ሊቅም በ1947 እ. ኤ. አ. ከሙዝ ወገን ለይቶ በዚሁ ስም አጸናው። ሳይንስ ያረመውን ስሕተት የምግብ ጸሓፊዎች እስከ ዛሬ ይደግሙታል።

ሐሰተኛ የሚያሰኘው ፍሬው እንደ ሙዝ የማይበላ መሆኑ ነው። ነገር ግን የጉራጌ፥ የሲዳማ ወይም የከፋ ገበሬ እንሰትን የሚተክለው ለፍሬው አይደለም። ግንድ መሳዩ ክፍሉ ተፍቆ፥ በጕድጓድ ተቀብሮ፥ ሲቦካ ቆጮ ይሆናል፤ ከሚጨመቀው ውኃ የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ቡላ ይባላል፤ ሥሩም ተቀቅሎ ይበላል። ስለዚህ ስሙ ተክሉን የሚወቅሰው ማንም ባልጠየቀው ነገር ነው።

አባቶቻችንም ለባዕድ እህል ስም አውጥተዋል። በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ያሉት ከባሕር ማዶ መምጣቱን ሲመሰክሩ ነው፤ «ሐሰተኛ ማሽላ» አላሉትም።

እኔም በውጭ አገር ለትምህርት ማስረጃ ባቀረብሁት ጽሑፍ፥ አንባቢ እንዲረዳልኝ ብዬ «ሐሰተኛ ሙዝ» ብያለሁ። ከዓመታት በኋላ በጉራጌ አገር ቆጮ ላበሉኝ አንዲት አሮጊት ይህን ብነግራቸው፥ ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፥ ታዲያ እስካሁን ያጠገበን ማነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የሕዝብን ኑሮ የምንመዘግብ ሁሉ ስሙን እንዳለ ጽፈን አሠራሩን ብንተርክ፥ አንባቢው ጥቂት ቢደክም እንኳ እውነቱን ያገኛል።