ማን ያበላቸዋል?

በ2004 ዓ.ም. ለፋሲካ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ አክስቴ ዘንድ ስሄድ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ይዤ ነበር። ፊልሙን አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ አይቼ ስለ አወቃቀሩ ብዙ አውርቼበታለሁ። ወታደሮቹ የመንደሩን ታዳጊዎች ለውትድርና ሊያፍሱ ሲያሳድዱ፣ መደቡ ላይ የተኮለኮሉት የጎረቤት ልጆች ግማሾቹ «ሩጥ!» ግማሾቹ «ያዘው!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። ቪዲዮ ቤት የለመዱት ዓይነት ፊልም መስሏቸዋል። አክስቴ ዝም አሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአፈሳ የተወሰደው ልጃቸው አልተመለሰም። ታዳጊዎቹ ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ሲታዩ ግን፣ «እዚያ ማን ያበላቸዋል?» አሉ።

ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ፣ ስለ ጦርነት የተሠራ ፊልም ሁሉ መጨረሻው ለጦርነት ማዳላት ነው ብሎ ነበር። የዚያን ምሽት አመንኩት። ዳይሬክተሩ የፈለገውን ቢያስብ፣ ሩጫ ደም ያሞቃል።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በቀይ ሽብር ዘመን ሬሳ ደረቱ ላይ ጽሑፍ እየተለጠፈበት መንገድ ዳር ይጣል የነበረው እንዲታይ ነው። ማሳየቱ ራሱ የቅጣቱ አካል ነበር። እንግዲህ ያንን ዘመን የሚቀርጽ ካሜራ ሬሳ ላይ በተተከለ ቁጥር የማንን ሥራ እየሠራ ነው?

ኃይሌ ከዚህ ወጥመድ የሚያመልጠው ቅደም ተከተሉን በመገልበጥ ይመስለኛል። አንበርብር ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም፤ እንዴት እንዳጣውም አያስታውስም። ጀርመን አገር ዘረኞች በመስኮት እንደወረወሩት የምናውቀው ከጉዳቱ ጋር ብዙ ከኖርን በኋላ ነው። ጥቃቱ ሲመጣ ዋጋውን አስቀድመን ስለምናውቅ «በለው!» የሚል አይገኝም። ልጆቹም እዚህ ላይ ጸጥ ብለው ነበር። (ለነገሩ ገሚሶቹ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ያልፋል።)

ማሳደዱ ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ ጎድሏል። የሚሮጡትን በቅጡ ሳንተዋወቃቸው እግራቸውን ብቻ እንከተላለን። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት ያገኘን ፊልም እንዲህ ማለት ድፍረት ሊሆን ይችላል። ሆኖም የጎረቤት ልጆች ጩኸት ከየትም አልመጣም።

ፊልሙ አልቆ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲሸኙ አክስቴ ጥያቄያቸውን ራሳቸው መለሱት።

«የኔውን እኔ ነበርኩ፣ ሌሊት ሌሊት ቆሎ የማደርስለት» አሉ።

ይህን ነግረውኝ አያውቁም ነበር።