የቴርማን ልጆች እና ያልተመረጡት

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ቴርማን እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች አእምሯቸው የላቀ ልጆችን ማፈላለግ ሲጀምር፣ የነገዎቹ መሪዎችና ሊቃውንት ከእነዚህ መካከል እንደሚወጡ ጽኑ እምነት ነበረው። 1,528 ልጆች መዘገበ፤ አብዛኞቹ የአይኪው ውጤታቸው ከ135 በላይ ነበር። በ1956 እስኪሞት ድረስ ሕይወታቸውን ተከታተለ፤ ከእሱም በኋላ ባልደረቦቹ ጥናቱን ለአስርት ዓመታት ገፉበት። «ብልህ ልጅ አድጎ ይሳካለታል ወይ?» የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁለቱም ወገን ይህንኑ ጥናት ይጠቅሳል። በእኔ እይታ ግን የጥናቱ ትልቁ ትምህርት ከሁለቱም እጅ አምልጧል።

እርግጥ ልጆቹ በጥቅሉ ተሳክቶላቸዋል። ከአስር ሰው አንዱ እንኳ ዩኒቨርሲቲ በማይጨርስበት ትውልድ ውስጥ ከእነሱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በዲግሪ ተመርቀዋል። የሎስ አላሞስን ቤተ ሙከራ የመራው ኖሪስ ብራድበሪ ከእነሱ አንዱ ነው። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ዊልያም ሾክሌይንና ሉዊስ አልቫሬዝን ይጠራሉ፤ ሁለቱ በልጅነታቸው ተፈትነው ሳይመረጡ ቀሩ፤ በኋላ ግን በ1956 እና በ1968 በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ፣ ከተመረጡት ግን አንድም አልተሸለመም። ይህ ታሪክ ከአቅሙ በላይ ይለጠጣል። ኖቤል ብርቅ ሽልማት ነው፤ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሰው መካከል አለመገኘቱ ብዙ የሚያስረዳው ነገር የለም።

የሚያስረዳው ሌላ ነው። ቴርማንና ባልደረባው ሜሊታ ኦደን በ1947 ባሳተሙት ቅጽ ከጎለመሱት ወንዶች መካከል እጅግ የተሳካላቸውን 150 እና እምብዛም ያልተሳካላቸውን 150 ለይተው ጎን ለጎን አቆሟቸው። በልጅነት ፈተናቸው በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጥቂት ነበር። ሰፊ ሆኖ የተገኘው የቤታቸው ልዩነት ነው፤ የተሳካላቸው ልጆች አባቶች በትምህርት የገፉ፣ ቤታቸውም መጻሕፍት የሞላበት ነበር። ከባሕርይም በጀመሩት ነገር መጽናትና በራስ መተማመን ለያቸው። እነዚህ ባሕርያት ደግሞ በአብዛኛው የሚኮተኮቱት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። እንግዲህ እኩል አእምሮ ተሰጥቷቸው እኩል ያልደረሱ ሰዎች በገዛ ራሱ በቴርማን መዝገብ ውስጥ ተገኙ። ብልህነት በዘር የሚወረስ ነው ብሎ አጥብቆ ለሚያምን፣ በዘመኑ የዘር ማሻሻያ እንቅስቃሴም ለተሳተፈ ሰው ይህ ከባድ ማስረጃ ነበር። የሴቶቹ ጉዳይማ ግልጽ ነው፤ ያው አእምሮ ይዘው ብዙዎቹ የቤት እመቤት ሆነው የቀሩት የሥራው በር ለእነሱ ጠባብ ስለነበረ ነው።

የአመራረጡ መንገድም መመርመር ያስፈልገዋል። ቴርማን አስተማሪዎችን በክፍላቸው እጅግ ብልህ የሆኑትን ልጆችና በዕድሜ ትንሹን ልጅ እንዲጠቁሙ ጠየቀ። ከአስተማሪው ጥቆማ ይልቅ የዕድሜ መዝገቡ የተሻለ ጠቋሚ ሆኖ ተገኘ። አስተማሪ ለረጅም ወራት አብሮት የዋለውን ልጅ ችሎታ ሳያይ ይቀራል፤ ዝምተኛውን፣ ልብሱ ያደፈውን፣ ቋንቋው የሚሰናከለውን ልጅ ያልፈዋል። ከዘመናት በኋላ የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ በፍሎሪዳ አንድ ትልቅ የትምህርት ወረዳ ያጠኑት ይህንኑ ያጠናክራል። ወረዳው በአስተማሪና በወላጅ ጥቆማ መምረጡን ትቶ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሁሉ ሲፈትን፣ ለላቀ ችሎታ ትምህርት የሚበቁት ጥቁር ልጆች በ80 በመቶ፣ የሂስፓኒክ ልጆች በ130 በመቶ ጨመሩ። ልጆቹ ድሮም እዚያው ነበሩ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን ጎልተው ታዩ። ይህን የአእምሮ ብልጫ ብቻ አድርጎ መውሰድ ስህተት ነው። አዳሪው ተማሪ መብራት፣ መጽሐፍ፣ ያልተቋረጠ መምህርና የጥናት ሰዓት አለው። ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ዘግይቶ የተመዘገበው የገጠር ልጅ ግን በቴርማን የዕድሜ ዘዴ እንኳ አይገኝም፤ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ትልቁ እሱ ነውና።

ስለዚህ ልዩ ትምህርት ቤት የሚከፍቱ ሁሉ ለመግቢያ የሚመጡላቸውን ልጆች ብቻ አይፈትኑ። በየወረዳው ያለውን ልጅ ሁሉ ይፈትኑ፤ ልጁንም በከተማ ካደገው ጋር ሳይሆን በገዛ ትምህርት ቤቱ አብረውት ከሚማሩት ጋር ያመዛዝኑት።