ወረራና ልጓም

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሀገራችን ሰንጠረዥ ያሳተሙት ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። እኛ አንባቢዎቹ ግን ወረራን እንደ አንድ አስገራሚ ልማድ አድንቀን አልፈነዋል።

ወረራ የጨዋታው መክፈቻ ነው። የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለሚሄድ፣ መደቅም ስለሚያዘግም፣ ያለ ወረራ ጅማሬው አሰልቺ በሆነ ነበር።

ታዲያ እጁ የፈጠነ ያሸንፋል ማለት ነው? አይመስለኝም። የሮጠ ሁሉ አሰላለፉን ለባላጋራው አስቀድሞ ያሳያል። መብላት እየቻለ የሚታገሥ ሰው ግን የወረራው ማብቂያ በእጁ ነው፤ ብዙ ከቆየ ደግሞ ታዳኙ ያመልጠዋል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ይህ አይጠፋውም፦ ከግልቢያው ይልቅ የሚደነቀው የልጓሙ አያያዝ ነው።

ከቻይና ተነሥቶ በጃፓን የዳበረው ጎ የተባለው የጠጠር ጨዋታም «ኮ» የሚሉት ትግል አለው። ጠጠር የተበላበት ወገን እዚያው ላይ ወዲያው መልሶ መብላት አይፈቀድለትም። ሌላ ቦታ ሄዶ፣ ባላጋራው ችላ ሊለው የማይችል ዛቻ ፈጥሮ ይመለሳል። እዚያ እጅን የሚይዘው ደንብ ነው። በወረራ ግን ተጫዋቹ ራሱን ይይዛል፤ ለእኔ ይህኛው ይከብዳል።

ሰንጠረዥን እናድስ የሚሉ ሰዎች ወረራውን ለሥርዓት ሲሉ ቢያስቀሩት፣ የሚተርፋቸው የዘገየ ቼዝ ነው።