ሰሎሞንና ሳባ በሸክላ፦ የወለቃን ሥራ ለሚመርጥ

ሆለታ ገበያ ጀበና የሚገዛ ሰው መልኩን ብቻ አይቶ አይከፍልም። በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ያዳምጣል፤ ድምፁ ከደነዘዘ ተሰንጥቋል ብሎ ይመልሰዋል። ይኸው ሰው ተቃቅፈው የተኙ ሰሎሞንና ሳባን ሲገዛ ግን «ያምራል» ብሎ በወረቀት ያስጠቀልላል።

ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡና ሲሸምኑ ሴቶቹ ያለ መዞሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ልጅ ያዘለች እናትም፣ አልጋ ላይ ያሉት ፍቅረኞች፣ ሰሎሞንና ሳባም የወጡት ከዚያ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ሥራው በቀሩት ጎረቤቶች እጅ ቀጠለ። ዛሬ የሚሸጠው ሁሉ እኩል አይደለም።

ፍቅረኞቹን ስትመርጡ ፊታቸውን ተዉት። ዓይንና አፍንጫ በስንጥር ይጫራል፤ ማንም ይችለዋል። ክንዱን እዩ። ሰነፏ ሁለቱን ለየብቻ ትጨርስና ጭቃ አድቦልቡላ ከላይ ትለጥፋለች፤ ክንዱ ትከሻ የለውም፣ እጁም የትም አላረፈም። ጎበዟ ጭቃው ሳይደርቅ ታገናኛቸዋለች። እጁ ያረፈበት የሴቲቱ ጎን ጥቂት ይሰረጉዳል፣ አንገቷም ወደ እሱ ያዘነብላል። ፈረንሳዊቷ ቀራፂ ካሚል ክሎዴል በ1893 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ባቀረበችው «ቫልስ» በተባለ ሐውልት ተደናሾቹ ዘመም ብለዋል፤ አንዱ ቢነሣ ሌላው የሚወድቅ ይመስላል። የወለቃውንም አልጋ በዚሁ ፈትኑት። አንዱን በሐሳብ አውጡት፤ የቀረው ተመችቶት ከተኛ ከመጀመሪያውም አብረው አልነበሩም።

ታሪኩም አለ። ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው ንግሥቲቱ በግድ እንዳይነካት ንጉሡን አስምላዋለች። እሱም ከቤቱ ምንም እንዳትወስድ አስምሎ፣ ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቶ በውኃ ጥም ያዛት። ይህን የምታውቅ ሠሪ ሁለቱን እኩል አስደስታ ማስተኛት ሊከብዳት ይገባል። የሳባ እጅ ተጨብጦ ወይም በገዛ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ባገኝ እኔ ዋጋ አልከራከርም።

ልጅ ያዘለችው ቀላል ናት፤ አንቀልባው ትከሻዋን ካልጎተተው ልጁ ጉብታ ነው።

ጥቁር ጥላሸት አያስፈራችሁ። በኩበትና በእንጨት ገላጣ እሳት ሲተኮስ ነበልባልና ጭስ የነካው ቦታ ይጠቁራል፤ እንዲያውም እኔ ያን እመርጣለሁ። ስንጥቅ ግን ሌላ ነው። ድፍን ወፍራም ጭቃ ውስጥ የቀረ እርጥበት እሳት ሲያገኘው በእንፋሎት ይፈነዳል፤ ለዚህ ነው ጎበዟ ገላውን ከውስጥ ባዶ የምታደርገው። ስንጥቅ በቀለም ይሸፈናል። የተቀባ ከሆነ ገልብጣችሁ ያልተቀባውን ታችኛውን እዩ፤ ሻጯ መገልበጡን ከጠላች ወደ ጎረቤቷ እለፉ።